የቀለጠው ሶል

እድላዊት ጀሞ ገበያ ከሰልባጁ ክምር ሥር የመዘዘችው ቡት ልክ እግሯ ሲሆን ልቧ በደስታ ዘለለ። የነገው የኤርታ አሌ ጉዞ መሪ፣ ወፍራም ሶል ያልተጫማ ሰው እሳተ ገሞራው አፋፍ እንደማይደርስ ቁርጡን ነግሯት ነበር።

ሻጩ ጋሽ ኑሪ ግን አንዱን ጫማ ገልብጠው አዘኑ። “ይቅርብሽ ልጄ፤ ሶሉ ቀልጧል። የቀድሞው ባለቤት ምድጃ ላይ ቆሞበት ይሆናል።”

የቀረውን ውፍረት በጣቷ ለካች፤ አሁንም ይበቃል። ከቀለጠው ጎማ ውስጥም እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጠጠር በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣች። ዓመት ሙሉ በፎቶ ስታየው የኖረችው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር።

“ጋሼ፣ ይሄ ጫማ እኮ መንገዱን ያውቀዋል!”

ጋሽ ኑሪ ጠጠሩን አገላብጠው አዩና ሳቁ። “በሳቅ ቅደጂው ልልሽ ነበር፤ በመቅደዱስ የቀድሞው ባለቤት ቀድሞሻል። በይ፣ አንቺ በሳቅ ጨርሺው!”