አልፎርኖው እስኪረጋ

ማካሮኒውን ከኦቨን አውጥቼ ምድጃው ላይ አስቀመጥኩት። ፎርማጆው ገና ይንፈቀፈቃል፤ ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ትሪው ላይ ይዟል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎኑ በር ላይ ቆመዋል። እዚህ ባሕር ማዶ፣ የአስኮት ቬል ቤታችን ጠባብ ናት፤ ኪችኑን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ባንኮኒ ነው። ዞር ባልልም ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«አባዬ፣ ቁጭ በሉ በላቸው እንጂ» አለችኝ ልጄ ኑሀሚን በሹክሹክታ።

«ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አይበላም። ወጉ ነው።»

«ዳድ፣ ፕሊዝ። ጋሼ ዕቁባይ እኮ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን አድርገዋል።»

«አውቃለሁ።»

እሳቸውንማ ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ። ድሮ ፒያሳ አንድ ሆቴል ማካሮኒ አልፎርኖ ስሠራ፣ እህታቸውን እታለምን ብዬ ሽማግሌ ልኬ ነበር። «እህቴን ለማካሮኒ ቀቃይ አልድርም» ብለው መለሷቸው። ውሃ እንኳ ጠጡ አላሏቸውም። ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ሆቴሉ ገባ፤ ሳህን አጣቢው ሳይቀር «ቀቃዩ» ይለኝ ጀመር። ዛሬ የዚያችው የእታለም ልጅ፣ ኃይለአብ የሚሉት ኢንጂነር፣ የእኔን ልጅ ፈለገና አጎትየው ከዘራ ይዘው ለልመና መጡ። ለሽማግሌ የሚሠራው ዶሮ ነበር። እኔ ማካሮኒ ገዛሁ።

«አቶ ፋንታሁን» አሉ ጋሼ ዕቁባይ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው እያዛወሩ፤ «የመጣንበትን ነግረንዎታል። ልጅዎን ለልጃችን ነው። እንግዲህ ቃልዎን…»

«ይረጋ።»

«ምኑ?»

«አልፎርኖው ነዋ። ትኩሱን ከቆረጡት ይፈሳል። እርስዎ እንኳ አይገባዎትም፤ የቀቃይ ሥራ ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። ከኋላቸው ያለው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ደስ አለኝ።

ቃሌን ከሰኞ ጀምሮ ሳላምጠው ሰንብቻለሁ። ሦስት ሳህን ሞልቼ ፊታቸው አቀርባለሁ፤ ሽታው አፍንጫቸው ውስጥ ሲገባ «አልድርም» እላለሁ። ሳይቀምሷት ደረጃዋን ይወርዷታል፣ በዚያ ጉልበት።

«አባዬ» አለች ኑሀሚን። ድምጿ ተቀየረ። «ልትል ያሰብከውን አትበል።»

«ምን ልል?»

«እወደዋለሁ።»

«እኔም እታለምን እወዳት ነበር» አልኳት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ቢላዋውን አንስቼ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። «እንግዲህ ቃሌን ስሙ!»

ኑሀሚን እጇን ትሪው ውስጥ ከተተች። በጣቶቿ ከጥጉ፣ ካረረው ጋር ዘገነችና «በሞቴ!» ብላ አፌ ውስጥ ጨመረችው።

እሳት ነው። ላንቃዬ ተላጠ። ብችል እተፋው ነበር፤ የልጅ ጉርሻ ግን ሽማግሌ ፊት አይተፋም። ልናገርበትም አልቻልኩ፣ ልውጠውም አልቻልኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አያችሁ!» አሉ ጋሼ ዕቁባይ ቀልጠፍ ብለው። እኚህ ሰውዬ ዕድል አያመልጣቸውም። «የልጅቱ አባት ማዕዱን ጀመረ። እንባም አነባ፤ የአባት ወጉ ነው። እሺ ብሏል!»

«እሺ ብሏል!» አሉ ሁለቱ።

እንቢ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ማን አይቶኝ! ጋሼ ዕቁባይ ጉልበታቸውን ይዘው ሶፋዬ ላይ ዘጭ አሉ። «በል አምጣው እስቲ ይህን ማካሮኒ፣ ዘመድ» አሉኝ። አንቱታው ቀረ።

ኑሀሚን ከጎኔ አልተንቀሳቀሰችም። ጣቶቿ እሳት መስለዋል፤ ቧንቧው አጠገቧ ነው፣ አልከፈተችውም። አፍ አፌን እያየች፣ እስክውጥ ትጠብቃለች።