ስሙ ያልተነገረ ቅጠል

የንብ ሰሙና የኑግ ዘይቱ ድስቱ ውስጥ ቀልጠው ተዋህደዋል፤ የቀረው ቅጠሉ ብቻ ነበር። ሃዋ ሰበታን ዞራ የለቀመቻቸውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ወደ እናቷ አፍንጫ ታስጠጋ ጀመር። ስትሮክ የእናቷን አንደበት ከዘጋው ሦስት ወር ሆኖታል። ከዚያ በፊት ሃዋ የቅጠሉን ስም ስትለምናት፣ «ስሙ ከተጠራ አያድንም፤ ልሞት ስል እነግርሻለሁ» እያለች የቆዳ ቅባቱን ለብቻዋ ነበር የምትቀምመው።

አልጋው ላይ የሃዋ ሕፃን ያለቅሳል። ቆዳው ከጉንጩ እስከ ጉልበቱ ተሰነጣጥቆ ይደማል፤ እንዳያክ ብላ እጆቹን በካልሲ አስራቸዋለች።

«ይኼ ነው? ይኼስ?»

እናቷ በእያንዳንዱ ቅጠል ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ቅጠሎቹ አለቁ።

«እማዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። የቱ ጋ ነው የሚበቅለው? እሱን ብቻ አሳዪኝ።»

እናቷ ደህናውን እጇን በጭንቅ አነሳችና ወደ መስኮቱ ጠቆመች። ሃዋ ተስፈንጥራ መጋረጃውን ገለጠችው። እናቷ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ትወርድበት የነበረው ጨፌ ላይ ዘንድሮ የተሠራው የመጋዘን ግንብ ዳር እስከ ዳር ተገትሯል። ሌላ ቦታ ታሳየኝ ይሆናል ብላ ዘወር አለች።

የእናቷ ጣት አሁንም ወደዚያው ግንብ እንደጠቆመ ነበር።