ቢጫው ገጽ

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጣቱን ቀስሮ ቢሮውን ሙሉ ያስተምር ነበር። «እናንተ ኢንተርኔት ላይ ራቁታችሁን ነው የምትዞሩት። እኔ ካሜራዬን በፕላስተር ለጥፌ፣ በብራውዘሩ ስውር መስኮት ገብቼ፣ ዱካዬን አጥፍቼ ነው የምወጣው። ሰይጣን ራሱ አያገኘኝም።» ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞረና ድምፁን አለሰለሰ። «አንቺስ እህቴ፣ ማን እንደጻፈብሽ ደረስሽበት? መቼም እንዲህ ያለው ሰው አይያዝም፤ ነገሩን የሚያውቅ ነው።»

ጸሐፊዋ ስልኳን ከፈተች። ጠዋት በሠራተኞቹ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አንድ ስም የለሽ ሰው «የሠራተኛ ምስጢር የምታወጣው እሷ ናት» ብሎ ጽፎ፣ «ማስረጃ» ያለውን የራሱን ኮምፒውተር ገጽ ፎቶ አንስቶ ለጥፎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ይጠብቃታል፤ እንጀራዋ በአንድ ፎቶ ላይ ተንጠልጥሏል። ፎቶውን ደግማ አየችው። መደቡ ቢጫ ነው፤ ፊደሉ ቡጢ ያህላል። ባለፈው ዓመት ኃላፊው «ዓይኔ ደከመ፣ የኮምፒውተሬን ገጽ አስተካክይልኝ» ብሎ ሲለምናት ቢጫውን የቀባችለት፣ ፊደሉን ያገዘፈችለት ራሷ ነበረች። በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ገጽ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። ልትናደድ ፈለገች፤ የመጣላት ግን ንቀት ብቻ ሆነ። ፊቱን ሸፍኖ፣ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀውን ኮቱን ለብሶ ሊሰርቅ የወጣ ሌባ መሰላት።

ተነሥታ ስልኳን ከፊቱ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ ፊደሉ አሁንም ያንስብዎታል ወይስ ይበቃል?»

ባልደረቦቿ አንገታቸውን አስግገው ስልኩን አዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ዞረው ከኃላፊው ጀርባ የሚያበራውን ቢጫ ገጽ አዩ። የተቀሰረው ጣት ቀስ እያለ ታጠፈ።