የአገራችሁ ሰው

«የኔ ሰዎች በስፓኒሽ ካልሆነ ገበናቸውን አያወጡም፤ ስለዚህ ለእናንተም የአገራችሁን ሰው በአስተርጓሚነት አመጣሁ» አለች፣ ኦክላንድ ውስጥ ቁማርተኞችንና ቤተሰባቸውን የምትመክረው ሜክሲካዊት። በሩ ተከፈተና ጋሽ ዓባይነህ ገቡ።

ከሚስቱ ጋር ለምክር የመጣው የፀዳለ ባል አንገቱን ደፋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደመወዙን የሚያስበላው በእኚሁ ሰውዬ ሳሎን ውስጥ ነበር።

«ጋሼ! ባሌ የሚቆምረው እርስዎ ቤት መሆኑን ይንገሯታ!» አለች ፀዳለ ደሟ ፈልቶ።

ጋሽ ዓባይነህ ፈገግ ብለው ወደ አማካሪዋ ዞሩ። «ሺ ሴይስ ታንክ ዩ።»

ታንክ ዩን ፀዳለም ታውቃት ነበር። ብድግ ብላ እጇን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተተችና ከኪሳቸው የማይለየውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ በተነችው።

«በል አንተ፣ ይሄንንም ተርጉምላት!»