የደወሉ ቁልፍ

የሕንፃው ዘበኛ ዮኒስ፣ ባለፈው ሰኔ በበርጫ ሰዓት፣ የሊፍቱ የአደጋ ደወል ሲጮህ ሰምቶ ነበር። ለጓደኞቹ «ልጆች ናቸው፣ ተዋቸው» ብሎ ጫቱን መቃሙን ቀጠለ። ሊፍቱ ሲከፈት ግን፣ አስም ያለባት ጨርቅ ነጋዴዋ ኑርቶ ትንፋሿ አልነበረም።

ለልጇ ለዐማል «ወላሂ አልሰማሁም» አላት። «አይዞህ አቦ፣ የአላህ ሥራ ነው» ብላ እሷው አጽናናችው።

ከዚያ ወዲህ በደረጃ ብቻ ነው የሚወጣው። ዛሬ ዐማል ጣቃ ጨርቅ አሸክማው «በሊፍቱ ውጣ፣ ይከብድሃል» ስትለው፣ ዐይኗን ሳያይ እሺ አለ።

ሊፍቱ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ከቁልፎቹ ሁሉ የደወሉ ብቻ ቀልቶ ቀረ። ደጋግሞ ተጫነው።

ከታች፣ ከዘበኛው ወንበር በኩል፣ የገዛ ራሱ ድምፅ ተሰማው።

«ልጆች ናቸው፣ ተዋቸው።»