ጉዝጓዝ

አዳራሹ ውስጥ የተጎዘጎዘው ቄጠማ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እንግዶቹ “እንዲህ ያለ ለምለም አይተን አናውቅም” እያሉ ገቡ። የጎዘጎዘችው ሴትዮ ጭቃ የነካ ቀሚሷን ሰብስባ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ስብሰባው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የገደለው ረግረግ እንዴት ይዳን የሚል ነበር። ግማሹ ተሰብሳቢ የተመረዘው ጭቃ ተዝቆ ይውጣ አለ፤ ግማሹ ፍሳሹ በሌላ በኩል ይሂድ አለ። ፋብሪካው ይዘጋ ያለ ግን የለም። በመጨረሻ ረግረጉን ያጠናችው ባለሙያ ተነሣች።

“መርዙ ያልደረሰባት አንዲት ጥግ ምንጩ አጠገብ ቀርታለች። እዚያ ያለው ቄጠማ ውሃ ያጠራል። ሥሩን እያባዛን በረግረጉ ሁሉ እንተክለዋለን። ሌላ ተስፋ የለንም።”

ተጨበጨበ። ሰብሳቢው፣ “ከዛሬ ጀምሮ እዚያች ጥግ አንዲት ቄጠማ የነቀለ ይታሰራል!” ሲል እጅ ሁሉ ወጣ።

ባለሙያዋ ልትቀመጥ ስትል ጫማዋ ላይ የተጠመጠመ ነገር አየችና ጎንበስ ብላ አነሣችው። ሥር ነበር፤ ጭቃው ገና አልደረቀም።

“እማማ፣ ይሄን ከየት አመጡት?”

“ትናንት ከምንጩ አጠገብ ነዋ፣ ልጄ። ሌላውማ ደርቋል።” ሴትዮዋ ወደ ሰብሳቢው አመለከተች። “እሳቸው ናቸው ‘ብዙ ይሁን፣ እንዳይጠወልግም ከነሥሩ ንቀይው’ ያሉኝ። አንዲትም አላስቀረሁ።”

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞረ።

“‘ከዛሬ ጀምሮ’ የሚለውን ሰርዘው” አለ። “‘ከትናንት ጀምሮ’ በል።”