ርካሹ ጠመንጃ በቀዩ ፈረስ ቤት

ሄዘል ግዊሊያም አዲሱን የአየር ጠመንጃዋን በዳቦ ከረጢት ጠቅልላ «ቀዩ ፈረስ» መጠጥ ቤት ስትገባ፣ ኖርማን ፕሪስ ገና ሰደፉን ሲያይ ናቃት። ሰደፉ ፕላስቲክ ነበር።

ሄዘል ጸጉር ሠሪ ናት። ጠመንጃውን የገዛችው ከገበያው ማዶ ካለው የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ነው፤ ከሁሉም ርካሹን መርጣ። አፈሙዙ ከወገቡ ይታጠፋል፣ አንዲት የእርሳስ ጥይት ይጎርሳል፣ ይቃናል፣ ይተኩሳል። ሌላ ጣጣ የለውም። እሁድ እሁድ ከሱቋ ጓሮ ባዶ የጸጉር መርጫ ቆርቆሮ ደርድራ በጥይት ስትጥል ትውላለች። ለምን ቢሏት ደስ ስለሚለኝ ትላለች። ኖርማን ይህንንም አልወደደላትም። እሱ ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ ዘይት ቀብቶ በፍላኔል ጨርቅ ጠቅልሎ የሚያኖር ሰው ነው፤ መተኮስ ለእሱ ማዕረግ እንጂ ጨዋታ አይደለም።

የቀዩ ፈረስ ቡድን አምበልም ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በሄርፎርድ ገጠር፣ መጠጥ ቤቶች በየክረምቱ በአየር ጠመንጃ ይጋጠማሉ። ግድግዳው ላይ ነጭ የተቀባ ብረት ይሰቀላል፤ መሐሉ ላይ ከትንሽ ጣት የማይሰፋ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ጀርባ ደወል አለ። ብረቱን የመታ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፤ ቀዳዳውን ያገኘ ደወሉን ያስጮኻል።

ዋንጫው ግን «ማረሻው» ከሚባለው የጎረቤት መጠጥ ቤት ሳይወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። ዘንድሮ ቡድኑ ለኖርማን ቁርጡን ነግሮታል፤ የሰኞውን ፍጻሜ ከተሸነፉ አምበልነቱን ያስረክባል። ከተኳሾቹ አንዱ ዓይኑ ደክሞ ስለወጣ አንድ ቦታ ክፍት ነው። ኖርማን ቦታውን ለእህቱ ባል ለትሬቨር በልቡ ሰጥቶ ጨርሷል። ሄዘል ናት እንግዲህ ልሞከር ብላ የመጣችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቤቱ ባዶ ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቤሪል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሄዘልን፣ ኖርማንንና ትሬቨርን ተቀበለቻቸው። ልጇ በቅርቡ ወልዳ ፎቅ ላይ ተኝታለች፣ ሕፃኑም ከስንት ልቅሶ በኋላ ገና አሁን አሸልቧል። ኖርማን ዙሪያውን ቃኘ። የጡጦ ጠርሙስ ከቢራ ብርጭቆ ጋር ተደርድሯል። ማሞቂያው ላይ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ጥንዱ እንኳ የለም። ወይ ቀዩ ፈረስ፣ ምን ያህል ወረድክ አለ በሆዱ።

የሄዘልን ጠመንጃ ተቀብሎ ነቀነቀው።

«ይሄ ጠመንጃ ነው የመጥረጊያ እንጨት?»

«ከመጥረጊያ ትንሽ ይወደዳል» አለች ሄዘል።

«በጣም ትንሽ።»

ሄዘል ጠመንጃዋን መልሳ ተቀብላ ከብረቱ ፊት ለፊት ቆመች። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ሳትጫነው፣ ግንዱን መዳፏ ላይ ብቻ አሳርፋ፣ እንደ ተኛ ልጅ ያዘችው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ኖርማን ፍርዱን ሰጠ።

«ጨበጥ አድርጊው እንጂ፣ አይነክስሽም።»

«ሲጨብጡት ያኮርፋል» አለችና ተኮሰች።

ደወሉ ዝም አለ። ትሬቨር ሄዶ ብረቱን አየ፤ ነጭ ነው። በሁለተኛው ሳቁን ዋጠ፣ በሦስተኛው አልቻለም። ስድስተኛውን ተኩሳ ስትጨርስ ብረቱ ጠዋት እንደተቀባ ነበር። ዙሪያውን ያለው ሳንቃ በአርባ ዓመት ስህተት ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል፤ አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ የለም፣ የሞከረም የለም።

«የት ሄዱ ታዲያ?» አለች ሄዘል።

«መንገድ ላይ ደክሟቸው ተኝተው ይሆናል።»

«እኔ እኮ ቆርቆሮ አልስትም።»

«ቆርቆሮ ምስክር አይሆንም፣ ሄዘል። እዚህ ቤት ምስክሩ ደወል ነው። ደወል ደግሞ አይዋሽም።»

አባባሉ ለራሱም ጣመውና ደገመው። ሄዘል ፊቷ ቀላ። ጠመንጃዋን ከረጢቱ ውስጥ እየከተተች፣ እንግዲያው ማረሻውን እጠይቃለሁ አለች። ኖርማን ተነስቶ በሩን ከፈተላት። ትሬቨር መሞከር እንኳ አላስፈለገውም፤ ሁለቱ አማቾች ዓሣና ድንቻቸውን ሊበሉ ወጡ።

ከፍጻሜ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ብረቱን መንካት ነውር ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ የተኮሰ የለም። ወሬው ግን ሲተኮስ ሰነበተ። ጸጉር ሊያስተካክል የገባ ሁሉ ሄዘልን ጥይቶችሽ ነቁ ወይ እያለ ጠየቃት። ማረሻው ቡድኑ ውስጥ አስገባት የሚለውን የሰማ ዕለት ኖርማን እስኪያስለው ሳቀ። ለማረሻው አምበል ደውሎ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ከእሷ ጋር እኔን አጋጥመኝ አለው። ሰውዬው ሳያቅማማ እሺ አለ። ኖርማን ይህንን የሞኝ እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ሰኞ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ማረሻዎቹ ገቡ፤ ሄዘልም ከነዳቦ ከረጢቷ። ኖርማን የአባቱን ጠመንጃ ከፍላኔሉ አውጥቶ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገው።

«ለዚች ሴት ከተሸነፍኩ ይህን ጠመንጃ ወስዳ ቆርቆሮ ታሳድድበት። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ሰምተዋል። ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ቤሪል በርጩማ ይዛ በሰው መሐል እየተጋፋች መጣች።

«ቆዩ፣ ቆዩ፣ እንዳትጀምሩ» አለች። በርጩማው ላይ ወጥታ እጇን ከብረቱ ጀርባ ሰደደች። «ዓርብ ጠዋት ቀለሙን ስቀባ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃብን ብዬ ደወሉን አልብሼው ረሳሁት።»

የዚያን የማሞቂያ ላይ ካልሲ የጠፋ ጥንድ አወጣችና ባንኮኒው ላይ ገልብጣ ስታራግፈው፣ ስድስት የእርሳስ ጥይቶች ዱብ ዱብ አሉ።